ረጅም ርቀት ሯጮችና ጉንፋን፤ ክርክሩ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

ብዙ የሚሮጥ ሰው ጉንፋን አያጣውም የሚለው አስተያየት በአሠልጣኞችም፣ በአትሌቶችም፣ በጤና ባለሙያዎችም ዘንድ የተለመደ ነው። ውድድር ሲቃረብና ልምምዱ ሲጠነክር አፍንጫው የሚፈስ፣ ጉሮሮው የሚከረክረውና ድምፁ የሚዘጋ ሯጭ ያላከመ ሐኪም ወይም ነርስ ቢኖር ጥቂት ነው። ሌላው ሰው ሦስት አራት ቀን ታግሦ የሚያሳልፈው ጉንፋን፣ ለአንዲት የውድድር ቀን ወራት ሙሉ ሲዘጋጅ የቆየውን ሯጭ የዓመት እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል። በመሆኑም ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው ተጣድፎ ነው፤ የሚጠይቀውም «ጠንከር ያለ መድኃኒት» ነው። ባለሙያው የሚሰጠው ምክር «ልምምዱ አዳክሞህ ነው» በሚለው እምነት ላይ የሚመሠረት ከሆነ፣ እምነቱ ራሱ በምን ማስረጃ እንደቆመ መመርመር ይገባል። ይህ ጽሑፍ የዚያን ማስረጃ ታሪክ ይከተላል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ምልከታዎች

በ1901 በተካሄደው የቦስተን ማራቶን ላራቢ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከጥቂት ሯጮች ደም ወስዶ ከውድድሩ በፊትና በኋላ የነጭ ደም ሴሎቻቸውን ቆጠረ። ከሩጫው በኋላ ቁጥሩ እጅግ አሻቅቦ አገኘው። የሴሎቹ ስብጥርም በሕመም ጊዜ ከሚታየው ጋር ይመሳሰል ስለነበረ፣ ላራቢ በ1902 ባሳተመው ጽሑፍ ድካሙ ተፈጥሮ ከፈቀደችው ወሰን ማለፉን ገለጸ። በዚያ ዘመን ከፍ ያለ የነጭ ሴል ቁጥር ያየ ሐኪም በቅድሚያ የሚያስበው ኢንፌክሽንን ነበር። ጤነኛ ሰው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ የሕመምተኛ ደም ይዞ መመለሱ፣ በሩጫና በበሽታ መካከል አንድ ዝምድና ሳይኖር አይቀርም የሚለውን ሐሳብ ጫረ።

በ1918 ካውልስ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ሐኪም ደግሞ በአንድ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የተነሣውን የሳንባ ምች መረመረ። ከታመሙት ልጆች አብዛኞቹ ትንሽ ቀደም ብሎ አድካሚ ውድድር ያደረጉ ነበሩ። ቀላል የነበረ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕመም ከከባድ ድካም በኋላ ወደ ሳንባ ወርዶ እንደጠና ተገምቷል። በ1940ዎቹ መጨረሻ በኦክስፎርድ ይሠራ የነበረው የነርቭ ሐኪም ሪቺ ራስል በልጅነት ልምሻ ላይ ያደረገው ምልከታም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሕመም ምልክቶች ከታዩባቸው በኋላ ሥራቸውንና ስፖርታቸውን የቀጠሉ ሕሙማን ሽባነቱ ሲጠናባቸው፣ ወዲያው አልጋ የያዙት በአብዛኛው ቀለል ይልላቸው ነበር። ዶሮቲ ሆርስትማን በ1950 በአሜሪካ ያሳተመችው ጥናት ተመሳሳይ ውጤት አሳየ። በ1970 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በኮክሳኪ ቫይረስ የተያዙ አይጦችን በግድ እንዲዋኙ ሲያደርጉ፣ በአይጦቹ ልብ ውስጥ ያለው ቫይረስ ካልዋኙት ጋር ሲነጻጸር በብዙ መቶ እጥፍ ተራባ፤ ብዙዎቹም ሞቱ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል። ከላራቢ በስተቀር እነዚህ ሁሉ ምልከታዎች የሚናገሩት አስቀድሞ በበሽታ ስለተያዘ ሰው (ወይም አይጥ) ነው። የታመመ አካል ሲደክም ሕመሙ ይብሳል ይላሉ እንጂ፣ ጤነኛ ሰው ስለሮጠ ብቻ በሽታ ይይዘዋል አይሉም። ሁለቱ አባባሎች የተለያዩ ናቸው። በኋላ ዘመን የተነሣው ግራ መጋባት፣ በእኔ አስተያየት፣ በከፊል የመጣው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

ብርድና ላብ

ሳይንሱ የራሱን መንገድ ሲሄድ ሕዝቡ ሌላ ማብራሪያ ነበረው። እኛ ዘንድ «ብርድ መታኝ» ማለት ጉንፋን ያዘኝ ከማለት ብዙ አይርቅም። ላቡ ሳይደርቅ ንፋስ የነካው ሰው ይታመማል የሚለውን ምክር ከእናቱ ያልሰማ ሯጭ አይገኝም። የምችም ነገር የዚሁ ዘመድ ነው፤ ላብ ያለበትን ሰው ድንገት ፀሐይ ሲመታው ይመጣል ይባላል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂውም ይቀባል። ሐኪሞቻችን የሳምባን ኢንፌክሽን «የሳንባ ምች» ብለው መሰየማቸውም ከዚሁ ቃል ተበድረው ነው።

ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በሳልዝበሪ አቅራቢያ ከ1946 እስከ 1990 የጉንፋን ምርምር ማዕከል አቋቁመው በፈቃደኞች ላይ ሙከራ ያደርጉ ነበር። ከሙከራዎቹ አንዱ ፈቃደኞቹን በሙቅ ውኃ ካጠቡ በኋላ እርጥብ እንደሆኑ ንፋስ በሚነፍስበት ኮሪደር ማቆም፣ ከዚያም እርጥብ ካልሲ አድርገው እንዲውሉ ማድረግ ነበር። መበረድ ብቻውን ማንንም አላሳመመም፤ ቫይረስ በአፍንጫቸው ከገባላቸውም መካከል የበረዳቸው ካልበረዳቸው ይበልጥ ይታመማሉ የሚል ጽኑ ማስረጃ አልተገኘም። በ2005 ግን የካርዲፍ ተመራማሪዎች ለ90 ሰዎች እግራቸውን ለ20 ደቂቃ በ10 ዲግሪ ውኃ ውስጥ አስነክረው፣ ከሌሎች 90 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። በቀጣዮቹ አራትና አምስት ቀናት ጉንፋን ያዘን ያሉት እግራቸው ከበረዳቸው 13፣ ካልበረዳቸው 5 ነበሩ። ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሰዎቹ በእርግጥ ቫይረስ ይኑርባቸው አይኑርባቸው አልተመረመረም፤ የተቆጠረው እነርሱ የተናገሩት ነው። ይህን ጉድለት ወደፊትም ደጋግመን እናገኘዋለን።

ኬፕታውን፣ ከዚያም ሎስ አንጀለስ

በሯጮችና በጉንፋን ላይ እውነተኛው ክርክር የጀመረው በአፍሪካ ምድር ነው። በኬፕታውን በየዓመቱ የሚካሄደው የሁለቱ ውቅያኖሶች ውድድር 56 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ኢዲት ፒተርስና ኤሪክ ቤትማን በ1982 ከተወዳዳሪዎቹ 150 ሯጮችን በዕጣ መረጡ። ለማነጻጸሪያ የወሰዷቸው ሰዎች አመራረጥ ብልህነት ነበረበት፤ ከእያንዳንዱ ሯጭ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር፣ በዕድሜ የሚቀራረብ፣ ነገር ግን የማይሮጥ ሰው ወሰዱ። አንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ለአንድ ዓይነት ቫይረስ ይጋለጣሉና ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱን ከሩጫው መፈለግ ይቻላል። ከውድድሩ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ከሯጮቹ 33.3 በመቶ፣ ከማይሮጡት 15.3 በመቶ የጉንፋን ምልክት እንደነበረባቸው ተናገሩ። ፈጥነው የጨረሱት ዘግይተው ከጨረሱት ይበልጥ ታመዋል። ጥናቱ በ1983 በደቡብ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ርእስ የጻፈ ሁሉ ሳይጠቅሰው አያልፍም።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ራሱ የማራቶን ሯጭ የነበረው ዴቪድ ኒማን በ1987 የሎስ አንጀለስ ማራቶን 2,311 ሯጮችን ጠየቀ። ውድድሩን ከጨረሱት 12.9 በመቶ በቀጣዩ ሳምንት ታምመናል አሉ። ለውድድሩ ተዘጋጅተው፣ ከሕመም ውጪ በሆነ ምክንያት ሳይሮጡ ከቀሩት መካከል ግን የታመሙት 2.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከውድድሩ በፊት በነበሩት ሁለት ወራትም በሳምንት ከ96 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጡት፣ ከ32 ኪሎ ሜትር በታች ከሚሮጡት ጋር ሲነጻጸሩ የመታመም ዕድላቸው በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ኒማን እነዚህንና ሌሎች መረጃዎችን አሰባስቦ በ1994 በእንግሊዝኛው የጄ ፊደል ቅርጽ የተሠራውን መስመር አቀረበ። ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ሰው መካከለኛ የመታመም ዕድል አለው፤ በልክ የሚንቀሳቀስ ሰው ዕድሉ ዝቅ ይላል፤ ከልክ በላይ የሚለማመድ ሰው ግን ካልተንቀሳቀሰውም በላይ ይወጣል። ሥዕሉ ቀላል፣ ለአእምሮም የሚስማማ ነበር። «ሁሉም በልኩ» የሚለውን ከጥንት የወረስነውን ምክር ያረጋግጥ ስለመሰለ በፍጥነት ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገባ።

በዚያው በ1994 በኮፐንሃገን ቤንተ ፔደርሰንና የሥራ ባልደረባዋ ለመስመሩ ማብራሪያ የሚሆን ሐሳብ አቀረቡ። በሩጫ ጊዜ አድሬናሊን ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ደም ዝውውር ያስወጣል። ሩጫው ካበቃ በኋላ ባሉት ሰዓታት ግን ሊምፎሳይቶች፣ በተለይም ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ሴሎች፣ ቁጥራቸው ከመነሻውም በታች ይወርዳል። ይህን ጊዜ ቫይረስ ሊገባበት ከሚችል ክፍት መስኮት ጋር አመሳሰሉት። ከምራቅ ምርመራ የተገኘውም መረጃ አገዛቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን የበረዶ ላይ ተንሸራታቾች በምራቃቸው ውስጥ ያለው ኢሙኖግሎቡሊን ኤ ከሌሎች ሰዎች ያነሰ መሆኑና ከውድድር በኋላም ይበልጥ መቀነሱ በ1982 ተዘግቦ ነበር። በ1999 ደግሞ የአውስትራሊያ ዋናተኞችን ለሰባት ወራት የተከታተለው የማሪ ግሊሰን ቡድን ይኸው ፀረ እንግዳ አካል ዝቅ ያለባቸው ይበልጥ እንደሚታመሙ አሳየ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ነገሩ የተዘጋ መዝገብ ይመስል ነበር።

መዝገቡ እንደገና ሲከፈት

ጥርጣሬው የጀመረው ቀላል ከሆነ ጥያቄ ነው፤ ታምሜያለሁ ያለ ሯጭ ሁሉ በእርግጥ ጉንፋን ይዞታል?

በ2000 የስቶክሆልም ማራቶን ስዊድናውያን ተመራማሪዎች 1,694 ሯጮችን ከውድድሩ በፊት ስለነበሩት ሦስት ሳምንታትና በኋላ ስለነበሩት ሦስት ሳምንታት ጠየቁ። ከውድድሩ በፊት 17 በመቶ፣ በኋላ 19 በመቶ ታመው ነበር፤ ለውጥ የለም ለማለት ይቻላል። የታየው ልዩነት ሌላ ነው። ከውድድሩ በፊት ታመው ከነበሩት ሦስት እጁ አንዱ ከውድድሩ በኋላ እንደገና ታመመ። ከውድድሩ በፊት ጤነኛ ከነበሩት የታመሙት 16 በመቶ ብቻ ናቸው። ማራቶኑ አዲስ በሽታ ከማምጣት ይልቅ ያልዳነውን ቀሰቀሰ የሚለው ትርጓሜ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ካውልስ በ1918 ያየውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በ2007 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ይበልጥ አስደንጋጭ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸውን የጽናት አትሌቶች፣ ለመዝናናት የሚለማመዱትንና የማይንቀሳቀሱትን ለአምስት ወራት ተከታተሉ። ሰው በታመመ ቁጥር ከአፍንጫውና ከጉሮሮው ናሙና ወሰዱ። 37 የሕመም ጊዜያት ተመዘገቡ፤ 21ዱ በከፍተኛዎቹ አትሌቶች ላይ የታዩ ናቸው። ከ37ቱ ተሕዋስ የተገኘው ግን በ11ዱ ብቻ ነው። የቀሩት ምን ነበሩ? የምርመራ ዘዴው አምልጦት የቀረ ቫይረስ ሊኖር ይችላል። ሆኖም በሰዓት ብዙ ሊትር ደረቅና ቀዝቃዛ አየር በአፍ የሚስብ ሰው ጉሮሮው ሊቆስል፣ አፍንጫው ሊፈስና ሊያስለው የግድ ቫይረስ አያስፈልገውም። በ2010 የለንደን ማራቶን የሮጡ 208 ሰዎች ሲጠየቁ ከሩጫው በኋላ ግማሽ ያህሉ የመተንፈሻ ምልክት ነበረባቸው። አርባ በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የአለርጂ ጠባይ እንዳላቸው ተረጋገጠ። ውድድሩ የሚካሄደው በሚያዝያ፣ የዛፎች የአበባ ብናኝ አየሩን በሚሞላበት ወር ነው።

ለዚህ ከእኛው ታሪክ የቀረበ ምሳሌ አለ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2007 የለንደን ማራቶን 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መተንፈስ አቅቶት አቋረጠ፤ ምክንያቱም ለአበባ ብናኝ ያለው አለርጂ መሆኑ ተነገረ። አስም ስለነበረበትም በማርች 2008 የቤይጂንግን የአየር ብክለት ፈርቶ በኦሊምፒኩ ማራቶን እንደማይሮጥ አስታወቀ፤ በ10,000 ሜትር ተወዳድሮ ስድስተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ እስትንፋሱ የከዳውም፣ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረውም ያው ሰው ነው። የተለወጠው የሚተነፍሰው አየር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጡት የእንጦጦና የሱሉልታ ቦታዎች ንጋት ላይ በበጋው ደረቅ ብርድ የሚለማመድ፣ ከተማ ሲመለስም የመኪናና የማገዶ ጭስ የሚቀበለው ሯጭ «ጉንፋኑ አልለቀኝም» ብሎ በየወሩ ቢመጣ፣ በቅድሚያ አስምንና አለርጂን መጠርጠር ምክንያት አለው። ትኩሳት አለ ወይ? ዓይን ያሳክካል ወይ? ሳሉ የሚነሣው ሩጫው እንዳበቃ ነው ወይ? በቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ ወይ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከብዙ የላቦራቶሪ ምርመራ ይበልጣል።

ስለ ክፍት መስኮቱም ጥያቄ ተነሣ። ሊምፎሳይቶቹ ከደም ጠፉ እንጂ ሞቱ ወይ? በጀርመን በ2008 በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር ምልክት የተደረገባቸው ሴሎች ከሩጫ በኋላ ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጀትና ወደ መቅኔ መሄዳቸውን አሳየ። ይኸውም ወታደሩ ከሰፈሩ ሲታጣ ሸሸ ተብሎ የተከሰሰው፣ በእርግጥ ግን በር ሊጠብቅ የሄደ እንደሆነ ያህል ነው። በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካምቤልና ተርነር ይህንና የመሳሰለውን መረጃ ይዘው በ2018 «ልምምድ የመከላከያ ኃይልን ያዳክማል» የሚለው አባባል ተረት ነው ብለው ጻፉ። በ2020 የሁለቱም ወገን ሊቃውንት በአንድ ጽሑፍ ላይ ጎን ለጎን ተከራከሩ፤ ኒማንም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። ስለ ሴሎቹ አልተስማሙም። የእንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ጉዞና ከሰው ጋር መተፋፈግ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ግን አንዳቸውም አልካዱም።

በጄ ፊደሉ ላይ የቀረበው ሌላ ማሻሻያም መጠቀስ አለበት። ስዊድናዊው ክሪስተር ማልም በ2006 መስመሩ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ እንደገና ወደ ታች ስለሚታጠፍ የኤስ ፊደልን ይመስላል አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቶሎ ቶሎ የሚታመም ሰው ዓለም አቀፍ ደረጃ ላይ አይደርስም፤ የደረሱት ሰውነታቸው ከባዱን ልምምድ የሚችልላቸው ናቸው።

ሥራ ላይ የዋለው

ክርክሩ በቤተ ሙከራ ሲካሄድ አንዳንድ የቡድን ሐኪሞች መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ተግባር ገቡ። በ2006 በቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ከኖርዌይ ቡድን አባላት 17.3 በመቶው ታመሙ። በቀጣዮቹ አራት ዓመታት የሕክምና ቡድኑ ለአትሌቶችም ለአሠልጣኞችም እጅ መታጠብን በጥብቅ አስተማረ፤ የታመመውን ወዲያው ለብቻው ማሳደርን፣ የመኝታ ቦታ መጨናነቅን መቀነስንና ለጉዞ መዘጋጀትን ሥርዓት አደረገ። በ2010 በቫንኩቨር የታመሙት 5.1 በመቶ ብቻ ሆኑ። ልምምዱ አልቀነሰም፤ የሜዳሊያውም ቁጥር አልቀነሰም። በማነጻጸሪያ ቡድን የተደገፈ ሙከራ ስላልሆነ ለውጡን ሁሉ ለሳሙና መስጠት አይቻልም። ያም ሆኖ ግን፣ በዚህ ርእስ ላይ ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ለሥራ የሚጠቅም አላገኘሁም።

በ2018 በፒዮንግቻንግ የፊንላንድ ቡድን የደረሰበት ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ከ44 አትሌቶች 20ው ጉንፋን ያዛቸው። ልምምድ የማያደርጉት ረዳቶችስ? ከ68ቱ 22ቱ ታመሙ። በዚህ ጊዜ የምርመራ ዘዴው ከፍ ያለ ስለነበረ ከታመሙት ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል። አንድ አውሮፕላን የተሳፈሩ፣ አንድ ገበታ የቀረቡ ሰዎች ከሯጩም ከማይሮጠውም ታመዋል። ከዚህ ተነሥተን የእኛን ሯጮች ኑሮ እንመልከት። ለአንድ ክፍል ኪራይ ሦስት አራት ሆነው ያዋጣሉ፤ ንጋት ላይ መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ተጠጋግተው ወደ ልምምድ ቦታ ይሄዳሉ፤ የአንዱን የውኃ ኮዳ ሌላው ይጠጣል። የቡድኑ ጉንፋን ከልምምዱ በፊት ከሚኒባሱ ቢጠረጠር ይሻላል።

ጉዞን በሚመለከት በ2010 በደቡብ አፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የሚጫወቱ 259 የራግቢ ተጫዋቾች ተጠንተው፣ ከአምስት ሰዓት በላይ የጊዜ ልዩነት ወዳለበት አገር ሲሄዱ የሕመማቸው መጠን ከሁለት እጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን አልጨመረም። ከአዲስ አበባ ቶኪዮ የ6 ሰዓት፣ ቦስተን በሚያዝያ የ7 ሰዓት ልዩነት አላቸው። ስለ እንቅልፍ ደግሞ በ2015 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ግልጽ ነው። በ164 ፈቃደኞች አፍንጫ ራይኖቫይረስ ሲጨመር፣ በሌሊት ከስድስት ሰዓት በታች የተኙት ከሰባት ሰዓት በላይ ከተኙት በአራት እጥፍ በበለጠ ጉንፋን ያዛቸው።

ቫይታሚን ሲ ረዥም ታሪክ ስላለው በጥቂቱ እንቆይበት። ሊኑስ ፖሊንግ በ1970 ስለ ቫይታሚን ሲና ጉንፋን መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ ክኒኑ በዓለም ተወደደ። ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱባቸው ሙከራዎች ግን ለተራው ሰው ጉንፋንን እንደማይከላከል አረጋገጡ። የሚገርመው ልዩነቱ በከባድ ድካም ላይ ባሉት ላይ መታየቱ ነው። ያችው ኢዲት ፒተርስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የኮምሬድስ ውድድር ላይ ለ21 ቀናት በቀን 600 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ሰጥታ፣ ከውድድሩ በኋላ ማስመሰያ ከወሰዱት 68 በመቶ፣ ቫይታሚኑን ከወሰዱት 33 በመቶ ምልክት እንደታየባቸው በ1993 አሳተመች። ማራቶን ሯጮችን፣ የበረዶ ተንሸራታቾችንና በብርድ የሚሠለጥኑ ወታደሮችን ያካተቱ አምስት ሙከራዎች ተደምረው፣ በ598 ሰዎች ላይ የመታመም ዕድሉ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በአብዛኛውም የተቆጠረው ምልክት እንጂ ቫይረስ አይደለም። በሌላ በኩል በ2008 ከስፔን የወጣ ምርምር በቀን አንድ ግራም ለረጅም ጊዜ መውሰድ ጡንቻ ከልምምድ የሚያገኘውን መዳበር ሊያደናቅፍ እንደሚችል አመልክቷል። ብርቱካንና ቃሪያ የሚበላ ሯጭ ዓመቱን ሙሉ ክኒን የሚውጥበት ምክንያት አይታየኝም። ከትልቅ ውድድር በፊት ላሉት ጥቂት ሳምንታት ቢወስድ ግን አልከለክለውም።

ከአንገት በላይና ከአንገት በታች

ለጤና ባለሙያው ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የታመመ ሯጭ ልምምዱን ይቀጥል ወይስ ያቁም የሚለው ነው። በስዊድን ከ1979 እስከ 1992 ካርታ ይዘው በጫካ የሚሮጡ 16 ወጣት ስፖርተኞች ድንገት ሞቱ። በአስከሬን ምርመራ በበርካታዎቹ ላይ የልብ ጡንቻ ብግነት ተገኘ። ክላሚዲያ ኒሞኒየ፣ በኋላም ባርቶኔላ ተጠረጠሩ፤ ሁሉም የተቀበለው አንድ ተጠያቂ ግን አልተገኘም። የስፖርቱ ፌዴሬሽን በ1992 መጨረሻ ከፍተኛ ውድድሮችን ለግማሽ ዓመት ያህል አገደ። አንድን ስፖርት በሕክምና ምክንያት ስድስት ወር ማቆም ቀላል ውሳኔ አይደለም። የሪቺ ራስል ሕሙማንና የ1970ዎቹ አይጦች ያስተማሩት ግን ይህንኑ ነበር።

ሁሉን ጉንፋን እንደዚህ መፍራት ደግሞ ትክክል አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ራንዲ አይክነር በ1993 ያቀረበው መመሪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ምልክቱ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ማስነጠስና ቀላል የጉሮሮ መከርከር ከሆነ፣ በዝግታ ሞክሮ ካልባሰበት ይቀጥላል። ትኩሳት፣ የሰውነት ቁርጥማት፣ ከደረት የሚወጣ ሳል፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ከልክ ያለፈ ድካም ካለ ይቆማል። የዌድነር ቡድን በ1998 ለ50 ተማሪዎች ራይኖቫይረስ ሰጥቶ የተወሰኑትን ለአሥር ቀናት በመካከለኛ መጠን ሲያለማምዳቸው፣ ሕመማቸው ካረፉት ይልቅ አልከበደም፣ አልረዘመምም። ከ2020 ወዲህ ኮቪድ ይህን መመሪያ ጥብቅ አድርጎታል። የደረት ሕመም፣ የልብ ትርታ ወይም ራስን መሳት ያለበት ሯጭ ልቡ ሳይመረመር ወደ ልምምድ አይመለስም።

መድኃኒቱስ? ጉንፋን ላይ አንቲባዮቲክ እንደማይሠራ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ለሯጭ ግን ተጨማሪ አደጋ አለው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቤተሰቦቹ የተረከዝን ጅማት ሊበጥሱ ስለሚችሉ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2008 ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዝዟል። ቀላል የሚመስለው የጉንፋን ክኒንም ቀላል አይደለም። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ16 ዓመቷ ሩማኒያዊት ጂምናስት አንድሬያ ራዱካን በአጠቃላይ ውድድሩ ያገኘችውን ወርቅ የተነጠቀችው፣ የቡድኑ ሐኪም ለጉንፋን የሰጣት ክኒን ሱዶኤፌድሪን ስለነበረበት ነው። ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ራሱ ቢገልጽም ሜዳሊያው አልተመለሰላትም። ሱዶኤፌድሪን በ2004 ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቶ በ2010 ተመለሰ፤ በውድድር ጊዜ በሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ150 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። ለጉሮሮ እብጠት በየክሊኒኩ የሚታዘዙት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞንም በአፍም ሆነ በመርፌ ሲሰጡ በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው። ዝርዝሩ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይታደሳል። ለሯጭ የሚጻፍ የመድኃኒት ማዘዣ ከመፈረሙ በፊት ሯጩ የሚወዳደርበት ቀን መቼ እንደሆነ ተጠይቆ በካርዱ ላይ ይመዝገብ።